«ስትወልጂ ይተውሻል» መባባሉ ይብቃን

ዛሬ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ፓስፖርት አይደለም የምጽፈው። እሑድ እሑድ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ድምፃችንን ቀንሰን ስለምናወራው ነገር ነው፤ ስለ ወር አበባ ሕመም። አንዷ እህታችን «ይሄ እኮ በጽሑፍ አይወጣም፣ ወንዶችም ያነቡታል» አለችኝ። ያንብቡት። ወንዶቹም እኮ እህትና እናት አላቸው።

መቼም አንዷ ሆዷን ይዛ ስትቀመጥ የምንላትን ታውቁታላችሁ። «ብርድ ነው፣ በባዶ እግርሽ በረንዳ እያጠብሽ» እንላለን። «ምንጣፉን ብቻሽን አንስተሽ ነው» እንላለን። «ዐይን ነው» የምትልም አትጠፋም። ትልልቆቹ ደግሞ ሁሌም መጨረሻ ላይ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ይላሉ። እኔ ወልጃለሁ። በ20 ዓመቴ ወሎ እያለሁ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። አልተወኝም፤ እንዲያውም የእኔ የጀመረኝ ከወለድኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ይቺን ምክር ስሰማ አሁን አሁን ያናድደኛል። መካሪዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ እነሱም እንዲሁ ተብለው ነው ያደጉት። ግን በዚህች ምክር ስንት ዓመት የሚቀመጥ ሰው አለ።

ወር አበባ ትንሽ ማመሙ ያለ ነው። ወገብ ይከብዳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትኩስ ውሃ በሃይላንድ አድርገሽ ሆድሽ ላይ ስታደርጊ ወይ አንድ ክኒን ስትውጪ ይለቅሻል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ክኒን የማይመልሰው፣ የሚያስመልስ፣ ቀጥ ብሎ የማያስቆም ሕመም ነው የምለው። ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት «ሕመሙ ከሥራ ካስቀረዎት ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛን ማን ከሥራ ያስቀረናል? ብንሞትም ሳህኑ ይታጠባል። ስለዚህ ይሄ መለኪያ ለእኛ አይሠራም፣ የራሳችንን መለኪያ መያዝ አለብን። ልብስ ስትተኩሺ መቆም አቅቶሽ ወለል ላይ ተቀምጠሽ ከተኮስሽ፣ ላቫቦውን ይዘሽ ሕመሙ እስኪያልፍ ከቆምሽ፣ ማዳም እንዳትሰማ ፎጣ ነክሰሽ ካደርሽ፣ እሱ ብርድ አይደለም።

የደሙም ነገር እንደዚያው ነው። ሐኪሞች ሞዴስ በየአንድ ወይ ሁለት ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ካለው በዝቷል ይላሉ። እኛ ግን ሞዴስ እየቆጠብን ነው የምንኖረው። እዚህ ሊባኖስ ከ2019 ወዲህ ሊራው ሲወድቅ የሞዴስ ዋጋ የት እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። የፊተኛዋ ማዳሜ በወር አንድ ፓኬት ነበር የምትሰጠኝ፣ 10 ፍሬ። እኔ እሱን በሁለት ቀን ነው የምጨርሰው። ጨመር እንድታደርግልኝ ስጠይቃት «ትሸጪዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የልጆቹን አሮጌ ካናቴራ እየቀደድኩ ስጠቀም ቆየሁ። በጨርቅ የምትጠቀም ሴት በየሰዓቱ ስንት ሞዴስ እንደሚሞላ በምን ታውቃለች? ሌሊት ስንቴ እንደምትነሺ፣ ፍራሹ መንካት አለመንካቱን፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ መምታት አለመምታቱን ቁጠሪ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ዐይኔ ይጨልም ነበር። ሲመረመር ሄሞግሎቢኔ 8 ሆኖ ተገኘ። ለሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንዲህ የሚያሠቃዩ፣ ስማቸው የሚመሳሰል ግን የተለያዩ ሁለት በሽታዎች አሉ። አንዱ አዴኖማዮሲስ ይባላል፣ አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው ያለኝ። ነገር ግን አንዱ የእኔ ስለሆነ፣ ሌላው ደግሞ የአንዲት እህታችን ስለሆነ፣ ነርስም ሐኪምም እየጠየቅን የተረዳነውን ነው የማካፍላችሁ።

ማህፀንን እንደ ቤት እዩት። ከውስጥ በኩል ቀለም እንደተቀባ ግድግዳ ስስ ሽፋን አለው። በየወሩ ልጅ ለመቀበል ይወፍራል፣ ልጅ ካልመጣ ይላጥና በደም ይወጣል። ወር አበባ ማለት እሱ ነው። ከሽፋኑ ኋላ ያለው ደግሞ ወፍራሙ ግድግዳ ነው፣ ጡንቻ ነው።

አዴኖማዮሲስ ላይ ያ የውስጥ ሽፋን ወደ ጡንቻው ውስጥ ይሰርጋል። የቤይሩትን ሩጡባ የማያውቅ የለም መቼም። ክረምት ላይ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይገባና ግድግዳው ያብጣል፣ ይነፋል። ላዩን በክሎሮክስ ብትፈትጊው ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ውስጥ ነው ያለው። ይሄም እንደዚያ ነው። ጡንቻው ውስጥ የገባው ሽፋን ወሩ ሲደርስ እዚያው ያብጣል፣ ይደማል፤ ማህፀኑ ይወፍራል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ዋናው ምልክቱ ብዙ ደም፣ የረጋ ደም፣ ምጥ የመሰለ ቁርጠት፣ እንብርት በታች የሚጎትት ክብደት ነው። ድሮ የሚገኘው ከ35 ዓመት በላይ በሆኑ፣ በወለዱ ሴቶች ላይ ነው ይባል ነበር፤ ምክንያቱም የሚታወቀው ማህፀን ወጥቶ ሲመረመር ስለነበረ ነው። አሁን መሣሪያው ስለተሻሻለ በወጣቶችም ላይ ይታያል። በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም ማህፀኗ ላይ ሌላ ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት የበለጠ ሊያጋጥማት ይችላል። ምንም የማያማቸው ሴቶችም አሉ፣ ለሌላ ጉዳይ ሲታዩ ነው የሚገኝባቸው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ከቤቱ ውጭ ነው። የማህፀኑን ሽፋን የሚመስል ነገር ማህፀን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል፤ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የሽንት ፊኛ ላይ። በረንዳ ላይ የተከልሽው ነዕናዕ አጥር አልፎ ጎረቤት ሲገባ እንደምታዩት ማለት ነው። ችግሩ ወሩ ሲደርስ እሱም ያብጣል፣ ይደማል፤ ነገር ግን መውጫ በር የለውም። ቦታውን ያቆስለዋል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አንዱን አካል ከሌላው ጋር ያጣብቃል። ስለዚህ ሕመሙ ወር አበባው ከመምጣቱ ከቀናት በፊት ሊጀምር ይችላል። በዚያ ሰሞን ሰገራ ስትወጪ ወይ ሽንት ስትሸኚ ሊያምሽ ይችላል፣ ባል ያላት ደግሞ ግንኙነት ላይ ያማታል። ደሙ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ደምሽ ትንሽ ነው፣ ምን ሆንኩ ትያለሽ» መባሏ ስህተት የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ገና በልጅነት፣ ወር አበባ በጀመረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ለመውለድ ከደረሱ ሴቶች ከ10 አንዷ ገደማ፣ ወደ 190 ሚሊዮን ሴት ማለት ነው፣ ይህ በሽታ አለባት ይላል። ስሙ እስኪታወቅ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ያውም መኪናና ኢንሹራንስ ያላቸው ሴቶች ናቸው ዓመት የሚጠብቁት፤ እኛማ!

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ይሄ በሽታ በዐረብኛ «ቢጣነት አል ረሂም አል ሙሃጂራ» ነው የሚባለው። የተሰደደ የማህፀን ሽፋን ማለት ነው። ሙሃጂራ! እኛን ነው እኮ የሚጠሩበት። ነርሷ ስትነግረን አራታችንም ሳቅን። ከቦታው ወጥቶ ሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ፣ የሚደማ፣ መውጫ የሌለው። ያኛው፣ የእኔው፣ «ዑዳል ጉዲ» ይባላል።

ሁለቱም ካንሰር አይደሉም፤ ይህን የሰማች ሁሉ ቀድማ የምትደነግጠው ለእሱ ስለሆነ ነው የምናገረው። ሁለቱም በአንድ ሴት ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ከማዮማም ይለያሉ። እኛ አገር «ማህፀኔ አብጧል» ያለች ሁሉ ማዮማ ነው የምትባለው። ማዮማ ግን እንደ ድንች የተለየ እብጠት ነው፣ ለብቻው ተፈልቅቆ ሊወጣ ይችላል። አዴኖማዮሲስ ብዙ ጊዜ ድንበር የለውም፤ ጡንቻው ውስጥ ተሰራጭቶ ነው ያለው።

«እሺ፣ ስሙን ማወቁ ምን ይጠቅመናል? ስም አይበላ!» ብላ የተከራከረችኝ እህት አለች። በጣም የምወዳት ሰው ናት። ክርክሯም ከባድ ነው፤ ለኤኮ የሚከፈለው ሳይኖር፣ ወደ ቤት የሚላከው ገንዘብ ሳይሞላ፣ የበሽታ ስም ይዞ መዞር ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በአንዲት እህታችን ልንገራችሁ፤ ስሟን አልጠራም፣ ፈቅዳልኛለች።

31 ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም፣ አገር ቤት የሚጠብቃት እጮኛ አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያማታል። ማዳሟ ጥሩ ሰው ናት፣ ራሷ ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ሐኪሙ ግን የሚያወራው ከማዳሟ ጋር ነበር፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ። እህታችን እዚያው አልጋው ላይ ተኝታ አንድ ቃል አልተነገራትም። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ማዳሟ «ማህፀንሽ ታሟል፣ ይውጣልሽና ትገላገያለሽ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ» አለቻት። እህታችንም እሺ ልትል ነበር። አትፍረዱባት፤ 15 ዓመት የታመመ ሰው «ትገላገያለሽ» ሲባል እሺ ይላል። እሑድ ስትነግረን እትዬ፣ የቡድናችን ታላቅ፣ «ወረቀቱን አምጪ» አለቻት። ወረቀቱን የምናውቃት ነርስ አነበበችልን። ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው የሚለው፤ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ከረጢት አለ፣ አንጀቷ ጋም ይጠረጠራል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዕድሜ የሚሆነው። አዴኖማዮሲስ ቢሆን ማህፀኑ ሲወጣ በሽታውም አብሮ ይወጣል፣ በሽታው ግድግዳው ውስጥ ነዋ። ለዚያውም ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል፣ ከእንግዲህ መውለድ ለማትፈልግ ሴት ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ከማህፀን ውጭ ነው ያለው። ቤቱን አፍርሰሽ ነዕናዑን ጎረቤት ትተሽው ትሄጃለሽ ማለት ነው። ማህፀኗ ወጥቶም ሕመሙ ሊቀጥል ይችል ነበር፣ ልጅ ግን አትወልድም። ሐኪሙ ምን አስቦ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ማዳሟ በትክክል ተርጉማ እንደሆነም አላውቅም። የማውቀው እሷን ማንም እንዳልጠየቃት ነው። ሌላ ሐኪም ጋ ሄደች። በየቀኑ የሚዋጥ የሆርሞን ክኒን ታዘዘላት። አሁን ሕመሙ ከግማሽ በላይ ቀንሶላታል። ጠፍቶላታል አልልም፤ አልፎ አልፎ ደም ጠብ ጠብ ይላታል፣ ያ ይሰለቻታል። ክኒኑን እየወሰደች ማርገዝ ስለማትችል አገር ስትገባ ከሐኪም ጋር ተማክራ ታቆመዋለች። ሁለቱም በሽታዎች መውለድን ሊያስቸግሩ ይችላሉ፣ ግን ኖሮባቸው የሚወልዱ ብዙ ናቸው።

ስሙ አይበላም ላልሽኝ እህቴ፣ ስሙ እንዲህ ነው የሚበላው።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት ልበል። ሁለቱንም ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል ክኒን የለም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ናቸው፣ ሕመሙንና ደሙን ነው የሚይዙት። ፓናዶል ብቻ በእፍኝ የምትውጡ እባካችሁ ተዉ፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ለወር አበባ ቁርጠት እንደ ኢቡፕሮፌን ወይም ፖንስታን ያሉት ይሻላሉ፣ ሕመሙ ሳይጠና ሲጀምር ቢወሰዱ ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ምግብ ይፈልጋሉ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባት፣ ያረገዘችም ሳትጠይቅ አትውሰድ። ጾም ላይ በባዶ ሆድ የምትውጡትን አውቃችኋለሁ፤ ይሄ ለነፍስ አባት የሚነገር ነገር ነው፣ ለታመመ ይፈቅዳሉ። ከዚያ የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ የሦስት ወር መርፌ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ። ሉፕ ሁሉ አንድ አይደለም። ሆርሞን ያለው ደም ይቀንሳል፤ የመዳቡ ደም ሊያበዛ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አታስገቡ። አገር ቤት መርፌውን እየተወጋን የመጣን ደግሞ እዚህ ስናቆም ደሙ ሲመለስ «ውሃው ነው፣ አየሩ ነው» እንላለን። መርፌው ሸፍኖት የነበረ በሽታ ሊሆንም ይችላል።

ግን መከላከያ ክኒን መሳቢያችን ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚባል እናውቃለን። «ለምን ትወስጃለሽ? ወንድ አለሽ?» ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ታዞልን እንኳ የማንወስደው። የሐኪሙን ማዘዣ ወረቀት ከክኒኑ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ ቃል አታምን ይሆናል እንጂ ማኅተም ታምናለች። ሌላም ፍርሃት አለ። ማህፀን ሐኪም ልየው ስትይ «አርግዘሻል» ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ከአገር ስንወጣ ጀምሮ እርግዝና እየተመረመርን ስለመጣን ቃሉ ራሱ ያስፈራናል። ማዳም ምርመራ ክፍል ውስጥ ካልገባሁ ስትል ደግሞ እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ሐኪሟን «ለብቻዬ» ማለት ይቻላል፤ «ላሃሊ» በሏት። አንዳንዷ ሰምታ ታስወጣልሻለች።

ምርመራው ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አዴኖማዮሲስ በኤኮ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ በተለይ ከውስጥ በሚታየው። ያላገባች ልጅ ከሆንሽ ከውስጥ አያዩሽም፤ በሆድ በኩል ነው የሚያዩት፣ ያ ደግሞ ያን ያህል ጥርት አይልም። ኤምአርአይ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ለእኛ አይቀመስም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ደግሞ ከረጢት ካልሠራ በስተቀር በኤኮ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ኤኮሽ ንጹህ ነው፣ ምንም የለብሽም» ሲሉሽ የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ነው የሚያረጋግጡት፤ ሐኪም ያንን ሳያደርግም በምልክቱ ብቻ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ጠበል የምትጠጪም ጠጪ፣ እኔም እጠጣለሁ። የሐኪሙን ወረቀት ግን አትጣይው። እና ድንገት የሚመጣ ከባድ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ወይም ወር አበባ ቀርቶ ከዚያ ሕመምና ደም ከመጣ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ያ እሑድን የሚጠብቅ አይደለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

የእኛ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለመተኛት እንጂ ለቪዚታ ስለማይከፍል መስተውሰፍ ነው የሚሻለን፤ ዋጋው ይቀንሳል። ከቡድናችን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከወር መዋጮው ላይ ትንሽ ተነስቶ የሞዴስ ሳጥን ይቀመጥ፣ የጎደላት ሳትጠየቅ ትውሰድ። ሌላው፣ ሐኪም ጋ የምትሄድ እህት ዐረብኛ የምትችል አንዲት ሰው ትከተላት፣ ማዳም አስተርጓሚ አትሁን። እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጻ ነኝ፣ በአዘቦትም ሐሙስ ከሰዓት ማዳሜ ትፈቅድልኛለች።

ብቻችሁን የምትሄዱ ደግሞ ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፤ «ሹ ኢስሙ ሃል መረድ? ክትብሊ ኢስሙ ዐል ወረቃ።» የበሽታው ስም ማነው፣ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ ማለት ነው። ሴት ሐኪም ከሆነች «ክትቢሊ» ነው።